በኪውት ላይ ራፐር ላይብረሪ ለመሥራት ላሰባችሁ

እኔ ያለሁበት ቡድን ለፋርማሲዎች፣ ለቁጠባና ብድር ማህበራትና ለጅምላ አከፋፋዮች ሶፍትዌር ይሠራል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራቸው አብሮ መቆም ስለሌለበት ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው የሚፈልጉት። ማሽኖቹ ደግሞ ለየቅል ናቸው። ካሸሯ ፊት ያለው ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ሒሳብ ክፍሉ ዊንዶውስ 10 አለው። ባለቤቱ ማክ ይዞ ይመጣል። አንዴ ተጽፎ ሁሉም ላይ የሚሠራ ነገር ያስፈልገን ስለነበር ኪውትን መረጥን። በላዩ ላይ ደግሞ የራሳችንን ራፐር ላይብረሪ፣ ማለትም ኪውትን ሸፍኖ አጠቃቀሙን የሚያቀል የኮድ ስብስብ፣ ሠራን። ዛሬ ፕሮግራሞቻችን በሙሉ በእሱ ላይ ነው የቆሙት። ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር ያሰበ ካለ ያየሁትን ላካፍል።

ለማያውቀው፣ ኪውት በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ የመስኮትና የበተን ቱልኪት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ተጀምሮ በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ወጣ። እኛ የምንጽፈው በፓይተን ስለሆነ መሸጋገሪያ ያስፈልገናል። ፓይኪውትና ፓይሳይድ የሚባሉ ሁለት አሉ። ፓይኪውት ወይ ጂፒኤል (የራስን ኮድ ክፍት ማድረግ የሚጠይቅ ፈቃድ) ነው፣ ወይ በገንዘብ ይገዛል። ኮዱን ክፍት ለማያደርግና የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረው ትንሽ ቢሮ ላላ ባለው በኤልጂፒኤል ፈቃድ የሚገኘው ፓይሳይድ ይቀላል። ግዴታዎቹን ግን ከመጀመራችሁ በፊት አንብቧቸው።

ራፐር ለመሥራት የመጀመሪያው ምክንያታችን የቨርዥን ጣጣ ነበር። ኪውት 6 ከዊንዶውስ 10 በታች አይሠራም። ለዊንዶውስ 7 የሚሆነው የመጨረሻው 5.15 ነው። ፓይተን ራሱ ከ3.8 በኋላ ዊንዶውስ 7ን ትቶታል። በሁለቱ ኪውቶች መሀል ያለው ልዩነት ትልቅ አይደለም፤ ግን ያደክማል። የሜኑ ትእዛዝን የሚወክለው ክላስ ከአንድ ሞጁል ወደ ሌላ ተዛውሯል። ዲያሎግ የሚከፍተው ፈንክሽን ስሙ ጫፍ ላይ የነበረችው የታች ሰረዝ ቀርታለች። እንዲህ ዓይነት ጥቃቅን ነገር ብዙ ነው። ችግራችሁ ይህ ብቻ ከሆነ የራሳችሁን አትጻፉ። ኪውትፓይ የሚባል ቀጭን ላይብረሪ ይህንኑ ሥራ በነፃ ይሠራል። ስሙ ከፓይኪውት ጋር ስለሚምታታ ስትጭኑ ልብ በሉ።

እኛን ወደ ራፐር የገፋን ዋናው ነገር ድግግሞሽ ነው። ሁሉም ፕሮግራም ቅጽ አለው፣ ሠንጠረዥ አለው፣ የቀን መሙያ አለው፣ ፍለጋ አለው፣ ደረሰኝ ያትማል። አምስት ሰው አምስት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። አዲስ ልጅ ሲቀጠር የትኛውን አይቶ እንደሚማር አያውቅም።

ከሁሉም በፊት የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ቱልኪቱን በሙሉ ለመሸፈን አትነሱ። የራሳችሁን ሥራ ሸፍኑ። ኪውት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክላሶች አሉ። እነሱን አንድ በአንድ አዲስ ስም እየሰጣችሁ ከሄዳችሁ መጨረሻ ላይ የሚኖራችሁ ሁለተኛ ኪውት ነው፤ ያውም ዶክመንቴሽን የሌለው። ሰው ኢንተርኔት ላይ መልስ ፈልጎ የሚያገኘው በዋናው ኪውት ስም ስለሆነ የእናንተ አዲስ ስም መንገዱን ይዘጋበታል። የኛ ላይብረሪ ዛሬም ትንሽ ነው። በየፕሮግራሙ የሚደጋገመውን ብቻ ነው የያዘው።

ንድፉን የጀመርነው ከላይብረሪው አይደለም። መጀመሪያ ላይብረሪው ያለ አስመስለን የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም ጻፍን። ስሞቹን እዚህ ለማሳየት በአማርኛ አድርጌያቸዋለሁ። ፓይተን ከ3 ጀምሮ በፊደላችን የተጻፈ ስም ስለሚቀበል እንዲሁ እንዳለም ይሠራል፦

መስኮት = ቅጽ("መድኃኒት መመዝገቢያ")
መስኮት.ጨምር(ጽሑፍ("ስም"), ቁጥር("ብዛት"), ቀን("ማብቂያ"))
መስኮት.ሲቀመጥ(መዝግብ)
መስኮት.አሳይ()

እዚህ ውስጥ ፒክስል የለም። ስፋት፣ ከፍታ፣ ቦታ የሚል ቁጥር የለም። ይህ ሆን ተብሎ ነው። ለበተን ቋሚ ስፋት ከሰጣችሁ በእንግሊዝኛ "አስቀምጥ" ማለት አራት ፊደል ነው ብላችሁ የለካችሁት በአማርኛ ይቆረጣል። ለሠንጠረዥ ረድፍ ቋሚ ከፍታ ከሰጣችሁ ደግሞ የፊደሎቻችን ራስ ወይም እግር ይታጨዳል። የኛ ፊደል ከላቲን ትንንሽ ፊደላት ቁመቱ ይረዝማል። ኪውት የፎንቱን ልክ ጠይቆ ራሱ የሚደረድርበት ሌይአውት አለው፤ ሥራውን ለሱ ተዉለት። ከፕሮግራሙ ጋር ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አብረን እንጭናለን። ፈቃዱ ይህን ይፈቅዳል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለው ኒያላና ማክ ላይ ያለው ኬፋ ልካቸው ስለሚለያይ፣ ደረሰኝ ሲታተም ገጹ ከማሽን ማሽን እንዳይለዋወጥ የራስን ፎንት ይዞ መሄድ ይረዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ መውረስ ወይስ መያዝ የሚለው ነው። የእናንተ "ቅጽ" የኪውት ዊጀት (መስኮት፣ በተን፣ ሳጥንና የመሳሰለው) ልጅ ይሁን ወይስ ዊጀቱን በውስጡ ይያዝ? በእኔ እምነት ይያዝ። ስትወርሱ በመቶዎች የሚቆጠር የኪውት ስም አብሮ ይመጣል። አንድ ባልደረባችን የቀጠሮ ፕሮግራም ሲጽፍ የወረሰው ክላስ ውስጥ "ኢቨንት" የሚል ፈንክሽን ጨመረ። በሱ ሐሳብ ቀጠሮ ማለቱ ነው። ኪውት ግን ወደ ዊጀቱ የሚመጣውን ነገር ሁሉ፣ የማውሱን፣ የኪቦርዱን፣ የመሳሉን፣ የሚያስገባው በዚሁ ስም በሚጠራ ፈንክሽን በኩል ነው። መስኮቱ ተከፈተ፤ ውስጡ ግን ሞቶ ቀረ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ስሙ ቀድሞ የተያዘ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። መያዝ ይህን በር ይዘጋዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ኦብጀክቱ የማን ነው?

በፓይሳይድ የሚጀምር ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር አለ። ፈንክሽን ውስጥ መስኮት ይፈጥራል፣ ያሳየዋል፣ መስኮቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ምንም የስህተት መልእክት የለም። ምክንያቱ ፈንክሽኑ ሲያልቅ መስኮቱን የያዘ የፓይተን ስም አለመኖሩ ነው። ፓይተን ቆሻሻ ነው ብሎ ይጠርገዋል፣ የሲ ፕላስ ፕላሱም አካል አብሮ ይሄዳል። ተቃራኒውም አለ። ኪውት ውስጥ ዊጀት ወላጅ አለው፤ ወላጁ ሲሞት ልጆቹን ይዞ ነው የሚሞተው። የፓይተኑ ስም ግን በእጃችሁ ይቀራል። ስትነኩት ውስጡ ያለው የሲ ፕላስ ፕላስ ኦብጀክት ቀድሞ ጠፍቷል የሚል ስህተት ይመጣል። ሁለት ባለቤት ያለው ነገር ነው፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው አያውቅም።

ይህን በየፕሮግራሙ መታገል አያስፈልግም፤ ራፐሩ አንዴ ይወስነው። የኛ ሕግ እንዲህ ነው። መስኮት "አሳይ" ሲባል ላይብረሪው በራሱ መዝገብ ውስጥ ይይዘዋል። ተጠቃሚው ሲዘጋው ከመዝገቡ ይወጣል፣ የኪውቱም ኦብጀክት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያንን መስኮት የነካ ኮድ የኪውትን ስህተት አያይም። የኛን ያያል፦ "መድኃኒት መመዝገቢያ የሚለው መስኮት ተዘግቷል።" የመስኮቱ ስም መጠቀሱ ቀላል ነገር ይመስላል። ሌሊት ላይ የስህተት መዝገብ ለሚያነብ ሰው ግን ትልቅ እፎይታ ነው።

ላምዳንም (ስም የሌለውን አጭር ፈንክሽን) አስቡበት። ከበተን ጋር የምታያይዙት ላምዳ መስኮቱን ውስጡ ከጠቀሰ መስኮቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ዘግታችሁትም ሚሞሪ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ክፍት በሚውል የካሸር ማሽን ላይ ይህ ቀስ በቀስ ይታያል። ላይብረሪያችን መስኮት ሲዘጋ ያያያዘውን ሁሉ በራሱ ይፈታል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የወሰደብን "ተቀየረ" የሚለው ነገር ትርጉሙ ምን ይሁን የሚለው ነው። የሽያጭ ቅጽ አስቡ። ብዛት አለ፣ የአንዱ ዋጋ አለ፣ ጠቅላላ አለ። ብዛት ሲቀየር ጠቅላላው ይሰላል። ደንበኛው ግን ጠቅላላውን ጽፎ የአንዱ ዋጋ እንዲሰላለትም ይፈልጋል። ኮዱ ጠቅላላውን ሲሞላ "ተቀየረ" ይላል፤ ያ የአንዱን ዋጋ ያሰላል፤ እሱም "ተቀየረ" ይላል። መሽከርከር ይጀምራል። አንዳንዴ በሳንቲም ማጠጋጋት ምክንያት ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይንሸራተታል።

ቱልኪቶች በዚህ ላይ አይስማሙም። ደብሊውኤክስ ዊጀትስ ጽሑፍን በኮድ ለመቀየር ሁለት ፈንክሽን አለው፤ አንዱ ኢቨንት ("ተቀየረ" የሚል ማስታወቂያ) ይልካል፣ ሌላው ዝም ይላል። ኪውት የጽሑፍ ሳጥን ላይ ሁለት ሲግናል (ለውጥን የሚያስታውቅ ጥሪ) አለው፤ አንዱ በማንኛውም ለውጥ ይጮኻል፣ ሌላው ሰው ሲጽፍ ብቻ። መምረጫ ሳጥኑም እንዲሁ ለሁለቱ ለየብቻ ሲግናል አለው። የቁጥር መሙያው ላይ ስትደርሱ ግን ለተጠቃሚ ብቻ የሚሆን ሲግናል የለም። ሁሉም ዊጀት የራሱ ጠባይ አለው ማለት ነው፤ ይህን አስተካክሎ አንድ ወጥ ማድረግ ነው የራፐር ሥራ። እኛ የወሰንነው ይህን ነው፦ "ሲቀየር" የሚጠራው ሰው ሲነካው ብቻ ነው። ኮድ ሲሞላው ዝም። በየትኛውም ዊጀት፣ ያለ ልዩነት። ለቁጥር መሙያው ዋጋውን ከማስገባታችን በፊት ሲግናሉን ለጊዜው እንዘጋና መልሰን እንከፍታለን። ይህን ዘዴ ሠንጠረዥ ጀርባ ያለው የዳታ ሞዴል ላይ እንዳትሞክሩት። ሞዴሉ ዝም ካለ ሠንጠረዡ ራሱ መቀየሩን አይሰማም፣ የድሮውን ዳታ እያሳየ ይቀመጣል።

ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ላይ አጭር ልሁን። የወር መዝጊያ ሪፖርት ሲወጣ መስኮቱ ይደርቃል፤ ዊንዶውስም "ምላሽ አይሰጥም" ይላል። ሥራውን ወደ ሌላ ትሬድ መውሰድ ነው መፍትሔው። ግን ዊጀት የሚነካው ከዋናው ትሬድ ብቻ ነው። ማክ ላይ ይህን ስትጥሱ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይወድቃል። ሌሎቹ ላይ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይወድቃል፤ ይህ ይብሳል። ስለዚህ ላይብረሪያችን ለትሬድ ያለው በር አንድ ነው፦ "ከጀርባ" የሚል ፈንክሽን፣ ሥራውን፣ ሲያልቅ የሚጠራውንና ሲሳሳት የሚጠራውን የሚቀበል። ሁለቱ መልሶች ሁልጊዜ በዋናው ትሬድ ላይ ነው የሚመጡት። ሥራው ሳያልቅ መስኮቱ ከተዘጋ መልሱ ይጣላል። የሚጠቀም ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ግንኙነት ከተከፈተበት ትሬድ ውጭ አይሠራም፤ ፓይተን በነባሪ ይከለክላል። ስለዚህ ሥራው ውስጥ አዲስ ክፈቱ።

የስህተት ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። "በተኑን ስጫነው ምንም አይሠራም" የሚል ስልክ የተደወለለት ሰው ያውቀዋል። ፓይሳይድ ውስጥ ከበተን የተጠራ ፈንክሽን ስህተት ሲያጋጥመው ስህተቱን ወደ ተርሚናል ጽፎ ይቀጥላል። ወደ ኢኤክስኢ (ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ የሚከፈት ፋይል) የተቀየረ የመስኮት ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ጊዜ ተርሚናል የለውም። ስህተቱ ባዶ ሜዳ ላይ ተጣለ ማለት ነው። ራፐሩ ሲነሳ የፓይተንን ያልተያዘ ስህተት መቀበያ ይቀይራል። ሙሉውን ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ለተጠቃሚው ደግሞ በአማርኛ አጭር መልእክትና የስህተቱን ቁጥር ያሳያል። ፋርማሲስቷ ቁጥሩን በስልክ ትነግረናለች፣ እኛ እናገኘዋለን። ከላይብረሪው ሁሉ ይህን ክፍል ነው አብልጬ የምወደው።

አማርኛ ስትጽፉ ለብቻው የሚመጣ ጣጣም አለ። ብዙዎቹ ኪቦርዶቻችን ላይ አንድ ፊደል የሚወጣው ከአንድ በላይ ቁልፍ ተነክቶ ነው። "ሰ" ከመሆኑ በፊት "ስ" ነበር። አንዳንዱ ኪቦርድ ፊደሉን እስኪያልቅ ከሥሩ አስምሮ ያቆየዋል፤ ሌላው የጻፈውን አጥፍቶ በአዲስ ይተካል። ኪውት ለዚህ ከተራው የቁልፍ ኢቨንት የተለየ ሌላ ኢቨንት አለው። እናንተ ቁልፉን በቀጥታ የምትጠልፉ ከሆነ የአማርኛው ፊደል ሳይገጣጠም ያመልጣችኋል። ስለዚህ ላይብረሪያችን ጽሑፍን ከቁልፍ ላይ በጭራሽ አያነብም፤ ከጽሑፍ ሳጥን ብቻ ነው የሚወስደው። እየተጻፈ የሚፈልግ የፍለጋ ሳጥንም ሩብ ሴኮንድ ያህል ይጠብቃል። ያለዚያ "ስ" ሲል አንድ ፍለጋ፣ "ሰ" ሲል ሌላ ፍለጋ ይነሳል፣ ዝርዝሩም ይንቀጠቀጣል።

"ሠ"ን እና "ሰ"ን፣ "ሐ"ን እና "ሀ"ን አንድ አድርጎ መፈለግስ? ሠሎሞንን በንጉሡ ሠ የመዘገበ አለ፣ በእሳቱ ሰ የሚፈልግ አለ። አስፈላጊ ነው፤ ግን ራፐሩ ውስጥ አላስገባነውም። የጽሑፍ ሥራ እንጂ የመስኮት ሥራ አይደለም። ለብቻው ትንሽ ሞጁል አለው፤ ሰርቨር ላይም ይጠቅመናል።

የሜኑው ነገር ይገርማል። ማክ ላይ "ስለ ፕሮግራሙ"፣ "ቅንብር"ና "ውጣ" የሚሉት ትእዛዞች ከላይ በፕሮግራሙ ስም ሥር ነው የሚቀመጡት። ኪውት እነሱን ወደዚያ የሚወስደው ጽሑፋቸውን አንብቦ በመገመት ነው። የእኛን አማርኛ ስለማያውቀው ባሉበት ይተዋቸዋል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ሚናውን በግልጽ መንገር ነው፤ ኪውት ለዚህ መንገድ አለው። ራፐሩ "ስለ"፣ "ቅንብር" እና "መውጫ" የሚሉ ሦስት የተለዩ ትእዛዞች ስላሉት ዲቨሎፐሩ ማክ ባይኖረውም በትክክል ይቀመጡለታል። የዲያሎግ በተኖችም እንዲሁ። ዊንዶውስና ማክ የ"እሺ"ን እና የ"ተው"ን ቅደም ተከተል ገልብጠው ነው የሚያስቀምጡት። ጽሑፉን እኛ እንሰጣለን፣ ቦታውን ለኪውት እንተዋለን።

ቀን ላይ ሙሉ ዊጀት መጻፍ ነበረብን። ኪውት ከ5.14 ጀምሮ ከጎርጎርዮሳዊው ሌላ የዘመን አቆጣጠሮች ጨምሯል። የዩልዮስ አለ፣ የፋርስ አለ፣ የእስልምና አለ። የኛ የለም። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው፣ ጳጉሜን በሉቃስ ዓመት 6 የሚያደርግ መሙያ በራሳችን ሠራን። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ነው፣ እንደ 2015 ዓ.ም.። ውሳኔ የጠየቀው ሌላው ነው። ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ የፈረንጁ ቀን ነው፣ የሚታየው ብቻ ይለያያል። የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ደግሞ ካርቶኑ ላይ በፈረንጅ ስለሚታተም፣ ያንን መሙያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ማድረግ ለስህተት መጋበዝ ነው። ስለዚህ ቀን መሙያው ላይ የሚቀያይር ምልክት አለ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚታይ ቅጹን የሚጽፈው ሰው ይወስናል።

ይህን ሁሉ ሸፍናችሁም ያልሸፈናችሁት ነገር ይመጣል። በር ተዉለት። የኛ እያንዳንዱ ዊጀት "ኪውት" የሚል ባህርይ አለው፤ ውስጡ ያለውን ዋናውን ኦብጀክት ይሰጣል። ቡድኑ ውስጥ ይህን የተቃወሙ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ በዚያ ይገባል አሉ። የታየው ግን ሌላ ነው። በሩ ስላለ ማንም ላይብረሪውን ጥሎ አልሄደም። ኮድ ስንገመግም ያ ቃል የተጻፈበትን ቦታ እንፈልጋለን። አንድ ዓይነት ነገር በተለያየ ፕሮግራም ውስጥ ሲደጋገም ካየን ወደ ላይብረሪው እናስገባዋለን፤ ላይብረሪው የሚያድገው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ለቴስት ኪውት ኦፍስክሪን የሚባል ፕላትፎርም አለው፤ ስክሪን በሌለው ሰርቨር ላይ መስኮት ከፍቶ በተን መጫን ይቻላል። ለሎጂኩ ይበቃል። ለዓይን ግን አይበቃም። ስለዚህ ሁሉንም ዊጀት በአንድ መስኮት የሚያሳይ ማሳያ ፕሮግራም ከላይብረሪው ጋር አለ። አዲስ ቨርዥን ከመልቀቃችን በፊት በሁሉም ሲስተም ላይ እንከፍተዋለን፣ የስክሪኑን ማጉያ 125 እና 150 በመቶ ላይ አድርገንም እናየዋለን። ኪውት 6 ማጉያውን በራሱ ያስተናግዳል። ኪውት 5 ላይ ግን የማጉያው ቅንብር ዋናው የአፕሊኬሽን ኦብጀክት ከመፈጠሩ በፊት መከፈት አለበት፣ ከተፈጠረ በኋላ አይሠራም። ኦብጀክቱን የሚፈጥረው ራፐሩ ራሱ እንዲሆን ያደረግነውም ለዚህ ነው።